«የጣሊያን ጦር ሞተር ነው» ሲሏችሁ፦ አሮጌ ሞተር ሳይክልን ደረጃ በደረጃ ማጣራት

«ይሄ ሞተር የጣሊያን ጊዜ ነው ይላሉ። እውነት ይሆን?» ጎንደር ውስጥ ይቺን ጥያቄ በየጊዜው እሰማታለሁ። አንዱ ከአያቱ ግቢ ያወጣውን ዝገት በአይሱዙ ጭኖ ይመጣል። አንዱ ፒያሳ ቆመን ቡና እየጠጣን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። ገዢም ይጠይቃል፣ ሻጭም ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከመደጋገም ሥራውን ከነምክንያቱ እዚህ ላስቀምጠው።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እንለይ። «የጦር ሞተር ነው» ስንል ከሦስት ነገሮች አንዱን እያልን ነው።

ሀ. ሞዴሉ ለሠራዊት ይሠራ የነበረ ነው።
ለ. ይሄው ሞተር ራሱ ለሠራዊት ተሰጥቷል።
ሐ. ይሄው ሞተር ራሱ ጦርነት ላይ ነበር። ለምሳሌ ጎንደር ግንባር።

«ሀ» በዓይን ይታያል። «ለ» ቁጥርና መዝገብ ይፈልጋል። «ሐ» ደግሞ ከዚያም በላይ ወረቀት ወይም ፎቶ ይፈልጋል። ብዙ ሻጭ «ሀ»ን አሳይቶ የ«ሐ»ን ዋጋ ይጠይቃል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የትኛው ላይ እንደደረሳችሁ እንድታውቁ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጥሩ የእጅ ባትሪ። የስልክ መብራትም ይሠራል
- ግማሽ ሊትር ነጭ ጋዝ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥጥ ጨርቅ
- ስስ ነጭ ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ስኮች
- 600 እና 1000 ቁጥር የውሃ ሻካራ ወረቀት፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ
- ማጉያ መነጽር
- በክር የታሰረ ትንሽ ማግኔት
- ካሊፐር ወይም ሜትር
- የሚሊሜትር መፍቻዎች፣ በተለይ ከ10 እስከ 19 ቁጥር
- ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ
- ደብተር

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉ፣ ሁልጊዜ በውሃ አርጥባችሁ ሥሩ። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። ከበሮውን ከፍታችሁ በኮምፕረሰር አየር አትንፉት፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። አንዳንድ የጦር ጊዜ ቆጣሪዎች በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም የተቀቡ ናቸው። መስታወቱን አትክፈቱ።

ሞተሩ በነበረበት ጎተራ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ጥይት፣ የእጅ ቦምብ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ካያችሁ አትንኩት። ወደ ኋላ ተመለሱና ለፖሊስ ተናገሩ። በጎንደር ዙሪያ ውጊያ የነበረባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

አንድ ሌላም አለ። የሻንሲ ቁጥር መፋቅ ወይም እንደገና መምታት ወንጀል ነው። «ለማስዋብ ነው» ብላችሁ እንኳ እንዳትሞክሩት።

1. ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ

ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት፣ ከኋላና ከላይ አንሱ። ከዚያ ቀረብ ብላችሁ ታርጋውን፣ ታንኩን፣ መሪውን፣ ወንበሩንና ፓራፋንጎውን ለየብቻ አንሱ። አቧራው እንዳለ ይሁን።

ለምን? ካጠባችሁት በኋላ የሚጠፉ ነገሮች አሉ። በአቧራው ሥር የደበዘዘ የነጭ ቁጥር ጥላ ሊኖር ይችላል። አንዴ በዲተርጀንት ከታሸ አይመለስም።

2. ታሪኩን ከሰው ስሙ፣ ግን ሳትመሩ

ሞተሩን የሚያውቁትን አባባ ወይም እማማ አግኙ። ቁጭ በሉ፣ ቡናው ይፈላ። ከዚያ ክፍት ጥያቄ ጠይቁ። «መጀመሪያ ሲመጣ ቀለሙ ምን ነበር?» «ማን ነበር የሚነዳው?» «ከየት አመጡት? ከአሥመራ ነው ወይስ እዚሁ ተገዛ?» «ጎን ላይ ተጨማሪ ወንበር ነበረው?»

«የጣሊያን ጦር ነበር አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁ። አዛውንቱ እንግዳ ማስከፋት አይወዱም፤ «አዎ ልጄ» ይሏችኋል። ያንን «አዎ» እናንተው አፋቸው ላይ አስቀመጣችሁት ማለት ነው።

ደግሞ አስተውሉ፣ «የጣሊያን ጊዜ» እና «የጣሊያን ጦር» አንድ አይደሉም። በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ ነጋዴውም፣ መካኒኩም፣ መሐንዲሱም የግል ሞተር ሊኖረው ይችል ነበር። አያታችሁ ከአንድ ጣሊያናዊ መካኒክ የገዙት ሞተር የጣሊያን ጊዜ ነው። ወታደር ግን ላይነካው ይችላል።

የሰማችሁትን በደብተር ጻፉ። ማን እንደተናገረ፣ መቼ እንደተናገረ፣ በዓይኑ ያየው ይሁን የሰማው ለዩት።

3. ሞዴሉን ለዩ

እዚህ «ሀ» ይፈታል። ለጣሊያን ሠራዊት ከተሠሩት ውስጥ ዋናዎቹ ሞቶ ጉዚ ጂ ቲ 17፣ ሞቶ ጉዚ አልቼ፣ ጊሌራ ኤል ቲ ኢ፣ ቢያንኪ 500 ኤም እና ቤኔሊ ኤም 36 ናቸው። ጎንደር ላይ ጣሊያንን በወጋው በእንግሊዝ በኩል ደግሞ ቢ ኤስ ኤ ኤም 20፣ ኖርተን 16 ኤች፣ ማችለስ ጂ 3 እና ጂ 3 ኤል፣ ኤሪየልና ሮያል ኤንፊልድ አሉ።

የመጀመሪያው ቀላል ፈተና መፍቻ ነው። የጣሊያኖቹ ብሎን በሚሊሜትር ነው። የሚሊሜትር መፍቻ ጥብቅ ብሎ ይገባል። የእንግሊዞቹ ብሎን የራሱ መለኪያ ስላለው የሚሊሜትር መፍቻ ወይ ይሽከረከራል ወይ አይገባም። ሞተሩ እንግሊዝ ነው ተብሎ ብሎኑ ሁሉ ሚሊሜትር ከሆነ ብዙ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው።

አሁን ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ጋ መጣን። ሞቶ ጉዚ አልቼ 500 ሲሲ ነው፤ ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተጋደመ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ሱፐርአልቼ ከሩቅ ሲያዩት ቁርጥ እሱን ይመስላል። ሱፐርአልቼ መሠራት የጀመረው በ1946 እንደ አውሮፓ ነው፤ በእኛ 1938 አካባቢ። ያኔ ጎንደር ነፃ ከወጣች ዓመታት አልፈዋል።

ልዩነቱ ያለው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ነው። በአልቼ ከሁለቱ ቫልቮች አንዱ ቴስታታው ላይ፣ ሌላው በሲሊንደሩ ጎን ነው። በሱፐርአልቼ ሁለቱም ቴስታታው ላይ ናቸው። መካኒካችሁ ቁጭ ብሎ ቢያየው በአንድ ደቂቃ ይለየዋል።

ሌሎች በፍጥነት የሚወድቁ አሉ። ቬስፓ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 እንደ አውሮፓ የወጣ ነው፤ «የጣሊያን ጦር ቬስፓ ጎንደር ተዋግቷል» ካሏችሁ ውይይቱ እዚያ ያበቃል። ሳይድካር ያለው ኡራል ወይም ድኔፕር የሶቭየት ነው፤ መሠረቱ የቢ ኤም ደብልዩ አር 71 ቅጂ ስለሆነ ጀርመን ይመስላል፣ ግን ጀርመን አይደለም።

4. ቁጥሮቹን አውጡ

ሁለት ቁጥር ነው የምትፈልጉት፦ የሻንሲና የሞተር። «የሞተር ቁጥር» ስል ነዳጅ የሚያቃጥለውን ክፍል እንጂ ሙሉ ሞተር ሳይክሉን አይደለም። የሻንሲው አብዛኛውን ጊዜ መሪው የሚገባበት አንገት አካባቢ ይገኛል። የሞተሩ ቁጥር ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ላይ ነው። በቢ ኤስ ኤ ኤም 20 በግራ በኩል፣ ከሲሊንደሩ እግር በታች ፈልጉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

- ቦታውን ነጭ ጋዝ በነካ የጥርስ ብሩሽ እሹት። አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ እንደገና እሹት፣ በጨርቅ ጥረጉት። የሽቦ ብሩሽ፣ ሞረድና ግራይንደር አይነካም።
- ባትሪውን ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩ። ብርሃኑ ብረቱን ታክኮ ሲሄድ የቁጥሩ ጉድጓድ ጥላ ይሠራል። ከፊት ካበራችሁት ሁሉም ነገር ነጭ ሆኖ ይጠፋችኋል።
- ስስ ወረቀቱን በስኮች አጣብቁበትና በእርሳስ ጎን ቀስ ብላችሁ እሹት። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።
- ፎቶም አንሱ። ሜትሩን አጠገቡ አድርጋችሁ።

ለምን ወረቀት? ፎቶ በብርሃን ይታለላል። ወረቀቱ ግን የቁጥሩን ትክክለኛ መጠንና ክፍተት ይይዛል። በኋላ ውጭ ላለ ባለሙያ ስትልኩ ከፎቶው ይልቅ በእሱ ላይ ይተማመናል።

የቁጥሩ መነሻ ፊደላት ብዙ ይናገራሉ። ቢ ኤስ ኤን እንውሰድ። በጦርነቱ ዓመታት ለእንግሊዝ ሠራዊት የተሠሩት ኤም 20ዎች ቁጥራቸው «ደብልዩ ኤም 20» ብሎ ይጀምራል። ከጦርነቱ በኋላ ለገበያ የወጡት «ኤክስ ኤም 20»፣ «ዋይ ኤም 20»፣ «ዜድ ኤም 20» ናቸው። ስለዚህ ካኪ የተቀባ «ዋይ ኤም 20» ካያችሁ ሞተሩ ጦርነቱን አላየም።

ሃርሊ ዴቪድሰን ከሆነ ደግሞ ሻንሲው ላይ ቁጥር ብታጡ አትደንግጡ። በዚያ ዘመን ሃርሊ መለያውን የሚመታው ሞተሩ ላይ ብቻ ነበር። እንዲያውም ሻንሲው ላይ ተመትቶ ካገኛችሁ ማን እንደመታው ጠይቁ።

5. ቁጥሩ ራሱ እውነተኛ መሆኑን ፈትሹ

ማጉያውን አውጡ። የሚከተሉትን እዩ፦

የቁጥሩ ዙሪያ። ካርተሩ በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፤ ገጹ ትንሽ ሻካራ ነው። በቁጥሩ ዙሪያ ብቻ ለስልሶ የሞረድ ጭረት ካለ የነበረው ተፍቆ ሌላ ተመትቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

የቁጥሮቹ ቅርጽ። ሁለት ጊዜ የተጻፈ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ ሁለት 4፣ በአንድ መምቻ ስለተመታ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ 4 አናቱ ክፍት፣ ሌላው ዝግ ከሆነ ተጠራጠሩ።

የጉድጓዱ ውስጥ። ሰማንያ ዓመት የሞላው ጉድጓድ ውስጡ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ደብዝዟል። አዲስ የተመታ ጠርዙ ይስላል፣ ውስጡ ያብለጨልጫል።

የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ካልተጣጣመ ደግሞ ቶሎ «የተገጣጠመ ነው» ብላችሁ አትጣሉት። ሠራዊት ውስጥ ሞተር እንደ ካንዴላ ይቀየር ነበር። የጦር ጋራዥ አሥር ሞተር ሳይክል ፈትቶ ሲገጥም የማን ሞተር የማን ሻንሲ ላይ እንደገባ አይጨነቅም። ስለዚህ አለመጣጣም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ለዚህም ለዚያም።

6. የቀለሙን ሽፋን ቁጠሩ

እኔ በጣም የምተማመንበት ደረጃ ይሄ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ብረቱ ራሱ ይናገራል።

ቦታ ምረጡ። ታንኩ ፊት ለፊት አይደለም። ቀለም ቀቢ የማይደርስበት ቦታ ይሁን፦ የመፍቻ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ፣ ከወንበሩ ማሰሪያ ሥር፣ ከታርጋው ጀርባ፣ የፊት መብራቱ ጣሳ ውስጥ፣ ከታንኩ ሥር ያለው ሸለቆ።

600 ቁጥሩን በውሃ ነክራችሁ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ በክብ በክብ እሹ። ዳር ዳሩን ትንሽ፣ መሐሉን ብዙ። ከዚያ በ1000 ቁጥር አለስልሱት። እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ክብ ክብ ይወጣላችኋል። የውጪው ክብ የመጨረሻው ቀለም ነው። መሐሉ የፋብሪካው ነው። በየክቡ ያለውን ቀለም በቅደም ተከተል ጻፉ።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ከአዘዞ ያመጣውን ማችለስ አብረን አሸን። ላዩ የተላላጠ ቀይ ነበር። ልጁ «ይሄማ የሲቪል ነው» ብሎ ተስፋ ቆርጧል። የመፍቻ ሳጥኑን ክዳን ከፈትን። ቀይ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ጥቁር፣ ከዚያ ስስ የአሸዋ ቀለም፣ ከዚያ ጭቃማ አረንጓዴ፣ ከዚያ ብረት። አረንጓዴው በቀጥታ ብረቱ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከሥሩ ክሮም የለም፣ ሌላ ቀለም የለም። አሸዋው ከላዩ ነው፤ ይህ ወደ ሞቃትና ደረቅ ግንባር ከተላከ ዕቃ ጋር ይሄዳል። ልጁ ዝም ብሎ ጣቱን ክቡ ላይ አሳረፈ። ቀዩ ቀለም ነበር የጠበቀው።

በሌላ ቀን ደግሞ ታንኩ ካኪ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ኮከብ ያለው፣ ዓይን የሚስብ ሞተር አመጡ። ማግኔቱን ታንኩ ላይ አስጠጋሁት፣ በሦስት ቦታ አልያዝ አለ። ስቱኮ ነው። ወንበሩን አንስተን አሸን፤ ካኪው ያለው ከስቱኮው በላይ ነበር፣ ከካኪው ሥር ሰማያዊ አለ። የጦር ቀለም ከሲቪል ቀለም በላይ ከተቀመጠ ሞተሩ «የዘመተው» ቀለም ቀቢው ጋ በሄደ ጊዜ ነው።

ስለ ነጭ ኮከቡም አንድ ቃል። የተባበሩት ኃይሎች ኮከብ በእንግሊዝ ተሽከርካሪዎች ላይ የተለመደው የጎንደር ውጊያ ካለቀ በኋላ ነው። «ጎንደር የተዋጋ» የተባለ ሞተር ላይ ኮከብ ካለ ኮከቡ በኋላ የመጣ ነው።

የእንግሊዝ ሞተር ከሆነ የታንኩን ጎንና ጎን በተለይ ቀስ ብላችሁ እዩ። የእንግሊዝ ጦር ለሞተር ሳይክሎች በ«ሲ» ፊደል የሚጀምር ቁጥር ታንኩ ላይ ይጽፍ ነበር። ቀለሙን አንድ በአንድ ስታነሱ የነጭ አሃዝ ቅሪት ከታየ እዚያው አቁሙ። በየደረጃው ፎቶ አንሱ። ይህን ቁጥር ማግኘት ከምንም በላይ ነው፤ ምክንያቱም ሠራዊቱ ራሱ ለዚያ ሞተር የሰጠው ስም ነው።

7. ትናንሽ ዕቃዎችን እዩ

እንግሊዝ የመንግሥት ንብረት ላይ የቁራ እግር የሚመስል ምልክት ይመታ ነበር፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሁለት ዘንበል ያሉ። ብሎን፣ መፍቻ፣ መብራት ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ግን በመሮ ሦስት ጊዜ መትቶ መሥራት ቀላል ስለሆነ ብቻውን አይበቃም።

የሉካስ (የእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ) ዲናሞና ማግኔቶ ላይ ወርና ዓመት ተመትቶ ይገኛል። ጻፉት። ዕቃው ከሞተሩ በኋላ ከሆነ ተቀይሯል፤ ከሞተሩ ጥቂት ወራት ቀድሞ ከሆነ ምናልባት አብሮት የወጣ ነው።

የመሪው መያዣ ጎማ ነው ወይስ ሸራ? ጃፓን ማላያን ከያዘች በኋላ እንግሊዝ ጎማ አጠራት፤ በሸራ መያዣ መሥራት የተጀመረው በዚህ የተነሳ ነው። ያ ደግሞ ከጎንደር ውጊያ በኋላ ነው። ሸራ መያዣ ያለው ሞተር የጦር ዘመን ሊሆን ይችላል፤ መያዣው ግን ጎንደርን አላየም።

8. ቀኑን ከጎንደር ቀኖች ጋር አስተያዩ

የተሠራበትን ዓመት ካወቃችሁ «ሐ» ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን በስሌት መለየት ትችላላችሁ። አራት ቀን ያዙ፦

- መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፦ የጣሊያን ጦር ጎንደር ገባ።
- ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.፦ ጣሊያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች። ከዚያ በኋላ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ጦሯ በባሕር ተቆረጠ።
- ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም.፦ የጎንደር መከላከያ ምሽግ የነበረው ቁልቋል በር ተያዘ።
- ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፦ ጎንደር ያለው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ።

እንግዲህ አስቡት። ከሰኔ 1932 በኋላ የተሠራ የጣሊያን ሞተር በመርከብ ሊመጣ አይችልም ነበር። ስለዚህ በ1941 እንደ አውሮፓ የተሠራ አልቼ እዚህ ለጣሊያን ጦር አገልግሏል ከተባለ አትቀበሉ። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ አር 75ም ተመርቶ መውጣት የጀመረው በዚያው በ1941 ነው፤ «ጎንደር የተማረከ አር 75» የሚባል ነገር አይኖርም።

የእንግሊዝ ሞተር ግን ከኅዳር 1934 በኋላም መምጣት ይችል ነበር። የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ 1951 እንደ አውሮፓ ቆይቷል። በ1943 እንደ አውሮፓ የተሠራ ኤም 20 በእውነት የሠራዊት ሊሆን ይችላል። ጎንደር ላይ ግን አልተዋጋም።

አሁን ትልቁ ወጥመድ። ሊብሬው ላይ «1934» ተብሎ ቢጻፍ የየትኛው አቆጣጠር ነው? እንደ አውሮፓ ከሆነ በእኛ 1926 ወይም 1927 ነው፤ ከወረራው በፊት የተሠራ ስለሆነ ከጦሩ ጋር ሊገባ ይችላል። በእኛ ከሆነ 1941 ወይም 1942 እንደ አውሮፓ ነው፤ የጣሊያን ሞተር ከሆነ ሊመጣ አይችልም። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። በተጨማሪ ሊብሬ ላይ ያለው ዓመት የተሠራበት ሳይሆን ታርጋ ያወጣበት ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ከሻንሲው ቁጥር ጋር አመሳክሩት።

9. ወረቀትና ፎቶ ፈልጉ

ሊብሬ፣ የድሮ የሽያጭ ውል፣ የጨረታ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የቤተሰብ አልበም። ሳንዱቅ ሥር ያለውን ሁሉ አስወጡ። ጨረታ ላይ ከመንግሥት ወይም ከሠራዊት ግምጃ ቤት የተሸጠበት ደረሰኝ ካለ «ለ»ን በጣም ያጠናክራል።

የድሮ ፎቶ ሲገኝ ሰው ሞዴሉን አይቶ ይጮኻል። ሞዴሉን ተዉት፤ ያንን የመሰለ ብዙ ነበር። ጉዳቱን እዩ። ፓራፋንጎው ላይ ያለው ሰርጓዳ፣ የተጣመመው የእግር መርገጫ፣ ታንኩ ላይ ያለው ጭረት አሁን ካለው ጋር ይገጥማል? ታርጋው ይነበባል? ከጀርባ ያለው ሕንፃ የት ነው? ፒያሳ ያለው ፖስታ ቤት ከሆነ ቦታው ተረጋገጠ። የፎቶውን ጀርባም ገልብጡ፤ የስቱዲዮ ማኅተም ወይም በእርሳስ የተጻፈ ቀን ሊኖር ይችላል።

10. ወደ መዝገቡ ባለቤት ጻፉ

እስካሁን ያለው ሁሉ እናንተው ያያችሁት ነው። «ለ»ን የሚዘጋው ግን የፋብሪካ መዝገብ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ለማን እንደተላከ ይጻፍ ነበር።

ለእንግሊዝ ሞተሮች ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ የሚባል ማኅበር አለ፤ የቢ ኤስ ኤን ጨምሮ የድሮ ፋብሪካዎችን የመላኪያ መዝገብ ይዟል። ለሞቶ ጉዚ መነሻው ማንዴሎ ዴል ላሪዮ ያለው ፋብሪካና ሙዚየሙ ነው። የጣሊያን ጦር ክፍሎች ሰነድ ሮም በሚገኘው የጦሩ የታሪክ ቢሮ ይቀመጣል።

ስትጽፉ አጭር ይሁን። የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ በእርሳስ ያወጣችሁት ወረቀት ቅጂ፣ አምስት ፎቶ፣ ታንኩ ላይ ቁጥር ካገኛችሁ እሱን ጨምሩ። «አያቴ እንዳሉት ጀግና ሞተር ነው» የሚለውን ተዉትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይህ ቁጥር መቼ ወጣ፣ ለማንስ ተላከ?» ሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ ያመጣል፤ ብዙ ጊዜም መልስ አያመጣም።

11. የደረሳችሁበትን ልክ ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ሀ. ቢ ኤስ ኤ ኤም 20፣ የሠራዊት ሞዴል፤ ተረጋግጧል። ለ. የሻንሲ ቁጥሩ በደብልዩ ኤም 20 ይጀምራል፣ ከሥር የጦር ቀለም አለ፤ የፋብሪካ መዝገብ እየተጠበቀ ነው። ሐ. ከቤተሰብ የተሰማ ታሪክ አለ፣ ሰነድ የለም።»

ለምን ይለያል? ገዢው ምን እንደሚገዛ ያውቃል፣ ሻጩም ነገ «አታለልከኝ» አይባልም። ልጆቻችሁም ሥራውን ካቆማችሁበት ይቀጥሉታል። ከአገር ለማውጣት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቅ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

*ካኪን እንደ ማስረጃ ማየት።* ካኪ በየቀለም ቤቱ በሊትር ይሸጣል።

*የጥይት ቀዳዳ ነው ማለት።* ታንክ ላይ ያለ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ዝገት ነው። ጥይት ሲገባ ብረቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ ዝገት ግን ዳሩን አቅጥኖ ይበላዋል። ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ጠርዙን ዳስሱ።

*ሳይድካር ካለ የጦር ነው ማለት።* ሳይድካር የዳቦ መጫኛም ነበር።

*አንድ ማስረጃ ላይ መቆም።* ቢያንስ ሦስት የማይተዋወቁ ምስክሮች ይኑሩ፦ ቁጥር፣ ቀለም፣ ወረቀት። ሦስቱም ከአንድ ሻጭ አፍ ከወጡ አንድ ናቸው።

*አስቀድሞ ማደስ።* ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ልጆቹ በደስታ ሞተሩን ፈትተው፣ በአሸዋ አስነፍተው፣ አዲስ ካኪ ቀብተው ያመጡልኛል። ያብረቀርቃል። ከዚያ «አሁን አጣራልን» ይላሉ። የሽንኩርቱ ክቦች ግን ከአሸዋው ጋር ሄደዋል፣ ታንኩ ላይ የነበረው ነጭ ቁጥርም አብሮ። የምታድሱ ከሆነ ከ1 እስከ 7 ያሉትን ጨርሳችሁ፣ ፎቶውን አስቀምጣችሁ ይሁን። ከታደሰም በኋላ የመፍቻ ሳጥኑን ክዳን ውስጡን አትቀቡት።